ከፊቱ 3 ግራም፣ ከጀርባው 24፦ የፕሮቲን ባር ካርቦሃይድሬት እንዴት ይነበባል?

የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ አንድ ካርቶን ፕሮቲን ባር ነበር። "ዳይት ላይ ነኝ ስላልከኝ ነው" አለችኝ። ደሴ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን አንዱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፊቱ ላይ በትልቁ "3 ግራም ኔት ካርብ" ይላል፤ የተጣራ ካርቦሃይድሬት ማለት ነው። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ ካርቦሃይድሬት 24 ግራም ተጽፏል።

"የቱ ነው እውነቱ?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቄ? ሻጩ ሦስት ነው ያለኝ።"

እኔም ሻጩን አመንኩ። በማግስቱ ጠዋት ኮምቦልቻ ሥራ ነበረኝ። ቁርስ በልቼ ጊዜ ከማጠፋ ብዬ በባዶ ሆዴ ሁለት ባር በልቼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሆዴ መጮህ ጀመረ። አራተኛው ላይ አጠገቤ ያሉት እናት ዘወር ብለው አዩኝ። ከዚያ በኋላ "ወራጅ አለ!" ስል ረዳቱ "እዚህ ገደል ላይ?" ብሎ ሳቀ። የቀረውን አልተርክም።

ማታ ቤት ገብቼ ማሸጊያውን ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ በደንብ አነበብኩት። 24ቱ ግራም ውስጥ ምን እንዳለ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ባር ሳልገለብጥ አልገዛም። አገላበጡን ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ፦ ቁጥሩ የስንት ነው?

ከሁሉ በፊት የሠንጠረዡን አናት እዩ። የአሜሪካ ዕቃ ከሆነ "ሰርቪንግ ሳይዝ" ይላል፤ ከጎኑ "1 ባር (60 ግ)" ተብሎ ይጻፋል። ይሄ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ሁሉ የአንዱ ባር ነው። የአውሮፓ ከሆነ ደግሞ ዋናው ዓምድ "በ100 ግራም" ነው። ባሩ ግን 45 ግራም ሊሆን ይችላል። 100 ግራሙን የባሩ መስሏችሁ ካነበባችሁ ከእጥፍ በላይ ቆጠራችሁ ማለት ነው። ስሌቱ የልጅ ነው፦ የ100 ግራሙን ቁጥር በባሩ ክብደት አባዙ፣ ለ100 አካፍሉ።

በአንድ ማሸጊያ ሁለት ቁራጭ ያለውን ተጠንቀቁ። ቁጥሩ የአንዱ ቁራጭ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዱን በልቶ ሌላውን ለነገ የሚያስቀምጥ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ኪሎ ጁልም አያስደንግጣችሁ። አንድ ወዳጄ "ይሄ ባር 870 ነው!" ብሎ ጥሎት ነበር። ኪሎ ጁልን ለ4.18 ስታካፍሉት ካሎሪ ይሆናል። 870ው ወደ 208 ካሎሪ ነው።

ቀጥሎ፦ ሠንጠረዡ የየት አገር ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ሠንጠረዥ "ቶታል ካርቦሃይድሬት" የሚለው መስመር ፋይበርንም ይጨምራል። ፋይበሩ ከሥሩ ትንሽ ገባ ብሎ ይጻፋል፤ የዚያው አካል ነው ማለት ነው። በአውሮፓ ሠንጠረዥ ግን "ካርቦሃይድሬት" የሚለው ፋይበርን አይጨምርም። ፋይበር ራሱን ችሎ ለብቻው መስመር አለው።

ስለዚህ "ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ፋይበር" የምትለዋ የኢንተርኔት ቀመር የአሜሪካ ዕቃ ላይ ብቻ ነው የምትሠራው። የአውሮፓ ባር ላይ ከተጠቀማችሁባት አንዴ የተቀነሰውን ሁለቴ ትቀንሳላችሁ። ዳይታችሁ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ሚዛኑ ላይ ግን ምንም የለም።

የቱ እንደሆነ መለያ አንድ ዘዴ አለኝ። ወደ ታች ወርዳችሁ የጨውን መስመር እዩ። "ሶልት" ከሆነ የአውሮፓ አጻጻፍ ነው። "ሶዲየም" ከሆነና አናቱ ላይ "ኒውትሪሽን ፋክትስ" ካለ የአሜሪካ ነው። የአውስትራሊያ ዕቃ ግን ሶዲየም እያለም ፋይበሩን ለብቻው ያወጣል። ከዓረብ አገር የሚመጣው ደግሞ ከሁሉም የተቀላቀለ ነው፤ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ተለጥፎበት ይመጣል። ግራ ሲገባችሁ ፋይበሩ ከካርቦሃይድሬቱ ሥር ገብቷል ወይስ ወጥቷል የሚለውን እዩ። ካልረካችሁ ወደ ታች የማሳያችሁ የካሎሪ ሒሳብ ይፈርዳል።

ከካርቦሃይድሬቱ ሥር ያሉት

የዚያን ቀኑን ባር ሠንጠረዥ እንዳለ ልጻፍላችሁ። ባሩ 60 ግራም ነው።

ካሎሪ 210
ስብ 8 ግ
ቶታል ካርቦሃይድሬት 24 ግ
 ፋይበር 10 ግ
 ቶታል ሹገርስ 2 ግ (1 ግ የተጨመረ ስኳር ጨምሮ)
 ሹገር አልኮሆል 11 ግ
ፕሮቲን 20 ግ

የፊቱ 3 ግራም ከየት እንደመጣ አሁን ግልጽ ነው። 24 ሲቀነስ 10፣ ሲቀነስ 11፣ እኩል ይሆናል 3። ፋብሪካው አልዋሸም። ግን "ኔት ካርብ" የሚባለውን ነገር የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ትርጉም አልሰጠውም። ሠንጠረዡ ሕግ አለው፤ የፊቱ ቁጥር ግን ፋብሪካው ራሱ ያወጣው ሒሳብ ነው። ምን መቀነስ እንዳለበት የወሰነውም ራሱ ሻጩ ነው።

ስኳሩ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። "የተጨመረ ስኳር 1 ግራም" የሚለው የ2ቱ ግራም አካል ነው። ደምራችሁ 3 አታድርጉት።

ፋይበር ሰውነታችን እንደ ስታርች አይፈጨውም። ትንሹን አንጀት አልፎ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። እነሱ ሲበሉት ጋዝ ያመርታሉ፤ ለእኛም ትንሽ ጉልበት ይተርፈናል፣ በግራም 2 ካሎሪ ገደማ። መቀነሱ እንግዲህ ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። ዜሮ ግን አይደለም።

ሹገር አልኮሆሉ ነው አስቸጋሪው። የአክስቴ ልጅ ይህን ቃል ስታይ ደንግጣ "ሐራም ነው እንዴ? ወላሂ ለእናቴም ሰጥቻታለሁ!" አለች። አይደለም። አልኮል የተባለው በኬሚስትሪ አወቃቀሩ ነው፤ የሚጠጣው አልኮል የለበትም፣ አያሰክርም። በአውሮፓ ዕቃ ላይ ይሄው ነገር "ፖሊኦልስ" ተብሎ ይጻፋል። እንደ ስኳር ይጣፍጣል፤ ሰውነት ግን በከፊል ብቻ ነው የሚወስደው። ያልወሰደው አንጀት ውስጥ ውኃ ይስባል። ሐረጎ ላይ ያዋረደኝ እሱ ነው። ሁለት ባር ስበላ 22 ግራም ፖሊኦል ከ20 ግራም ፋይበር ጋር በባዶ ሆዴ ገባ ማለት ነው። በአውሮፓ ከ10 በመቶ በላይ ፖሊኦል የተጨመረበት ምግብ "ከመጠን በላይ ከተበላ ሊያስቀምጥ ይችላል" የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ሕጉ ያዛል። ጽሑፉ ግን ከጉንዳን ያነሰ ነው።

የንጥረ ነገር ዝርዝሩ

አሁን ከሠንጠረዡ በታች ወዳለው ረጅም ዝርዝር ውረዱ። ቅደም ተከተሉ በክብደት ነው፤ ብዙ ያለው ከፊት ይጻፋል። ሹገር አልኮሆል ተብሎ የተደመረው የቱ እንደሆነ የምታውቁት እዚህ ነው። ሁሉም አንድ አይደሉም።

ኤሪትሪቶል ከሁሉም ጨዋው ነው። ካሎሪው በግራም 0.2 ገደማ ነው፣ የደም ስኳርን ከፍ አያደርግም፣ ሆድንም ከሌሎቹ ባነሰ ይረብሻል። እሱን ሙሉ በሙሉ ብትቀንሱት ችግር የለም።

ማልቲቶል ሌላ ነው። ርካሽ ነው፣ ጣዕሙም ለስኳር በጣም ይቀርባል፤ ስለዚህ ቸኮሌት የተቀባ ብዙ ባር ውስጥ ታገኙታላችሁ። በግራም 2.1 ካሎሪ አለው። የደም ስኳርንም ያነሳል፦ የገበታ ስኳር በግላይሴሚክ መለኪያ 65 አካባቢ ሲሆን የማልቲቶል ሲረፕ 50 አካባቢ ነው። ይህን ዜሮ ብሎ መቀነስ ለእኔ ማጭበርበር ነው። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀንሰው። የዚያን ቀኑ ባር ሹገር አልኮሆሉ ማልቲቶል ነበር፤ ታዲያ 24 ሲቀነስ 10፣ ሲቀነስ 5.5፣ ማለትም 8.5 ይሆናል። ከ3 ጋር አታወዳድሩት።

ሶርቢቶልና ዛይሊቶልንም እንደ ማልቲቶል ግማሽ በግማሽ ያዟቸው። (ቤታችሁ ውሻ ካለ ዛይሊቶል ያለበትን ባር አርቁለት፤ ለውሻ መርዝ ነው።)

ግሊሰሪን ባሩን ለስላሳ የሚያደርገው ነገር ነው። ካሎሪው ከስኳር አይተናነስም፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች ግን ከኔት ካርብ ይቀንሱታል። የደሴ ብርድ ላይ ጠዋት አንዱ ባር ድንጋይ ሲሆን ሌላው ያው እንደለሰለሰ የሚቆይ ከሆነ፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

ከፋይበሮቹ ወገን ኢኑሊን ወይም "ቺኮሪ ሩት" የሚለውን ደጋግማችሁ ታያላችሁ። እውነተኛ ፋይበር ነው፤ ጋዙም እውነተኛ ነው። "ኢሶማልቶ ኦሊጎሳካራይድ" የሚል ረጅም ስም ካያችሁ ግን ቆም በሉ። ድሮ እንደ ፋይበር ይቆጠር ነበር፤ በኋላ ጥሩ ክፍሉ እንደሚፈጭ ታወቀ። ኤፍዲኤም በፋይበርነት አልተቀበለውም። እኔ ባየሁት ቁጥር እንደ ተራ ካርቦሃይድሬት ነው የምቆጥረው።

ማልቶዴክስትሪንም አለ። ይሄ በስኳር መስመር ላይ አይገባም፤ ሠንጠረዡ "ስኳር 1 ግራም" እያለ በካርቦሃይድሬት ጠቅላላው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ግሉኮስ ይሮጣል። "ስኳር የለውም" ብሎ ለስኳር ሕመምተኛ ባር የሚገዛ ሰው ይህን ስም በቃሉ ቢይዘው ጥሩ ነው። ግሉኮስ ሲረፕ፣ ዴክስትሮዝ፣ ራይስ ሲረፕ፣ ማር፣ የቴምር ፔስት ደግሞ ሌላ ማብራሪያ አይፈልጉም፤ ስኳር ናቸው።

የካሎሪ ሒሳብ፦ ባሩን ማጋለጫው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ካሎሪ ከየትም አይመጣም፤ ከፕሮቲን፣ ከስብና ከካርቦሃይድሬት ነው። ስለዚህ የታወቁትን ስትቀንሱ ካርቦሃይድሬቱ ምን ያህል እውነተኛ እንደሆነ ራሱ ይናገራል። ስልካችሁን አውጡ።

ፕሮቲኑን በ4 አባዙ፦ 20 በ4፣ 80።
ስቡን በ9 አባዙ፦ 8 በ9፣ 72።
ሁለቱን ደምሩ፦ 152።
ከተጻፈው ካሎሪ ቀንሱ፦ 210 ሲቀነስ 152፣ 58 ቀረ።

58ቱ ካሎሪ የመጣው ከ24ቱ ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። እውነት 3 ግራም ብቻ ቢሆን ኖሮ 12 ካሎሪ ነበር የሚሆነው። የቀረው 46 ካሎሪ ከየት መጣ? ከ10 ግራም ፋይበር 20፣ ከ11 ግራም ማልቲቶል 23። ድምሩ 43 ነው። ማጠጋጋቱን ካሰብነው ልክ ገባ፤ የአሜሪካ ሠንጠረዥ ካሎሪን ወደ ቅርቡ 10 ስለሚያጠጋ 10 እና 15 ካሎሪ ወዲያ ወዲህ ቢል አትጨነቁ።

አሁን ያው ባር ማልቲቶሉ በኤሪትሪቶል ቢቀየር ስንት ይሆን ነበር? 152፣ ሲደመር 12፣ ሲደመር 20፣ ሲደመር 2፤ 186። ማሸጊያው ላይ 190 ይጻፍ ነበር። ካርቦሃይድሬቱ፣ ፋይበሩ፣ ሹገር አልኮሆሉ፣ የፊቱ 3 ግራም፣ ሁሉም ያው ሆነው ካሎሪው ብቻ በ20 ይለያያል። ሁለት ባር ቤት ውስጥ ጎን ለጎን አድርጌ ይህን ያየሁ ቀን ደስታዬን ለማን ልንገር እንዳልኩ ትዝ ይለኛል።

ሁሉንም 24 ግራም በ4 አባዝታችሁ ከ152 ጋር ስትደምሩ 248 ይመጣል። አንድ ባር በዚህ ዓይነት ይዘት ካሎሪው 250 ተብሎ ከተጻፈ፣ ወይ ፋብሪካው ሁሉንም በ4 አባዝቶ ገላግሎታል፣ ወይ "ፋይበር" ያለው ነገር ይፈጫል። የቱም ይሁን፣ እኔ እዚያ ላይ ምንም አልቀንስም። ሙሉውን 24 እቆጥራለሁ።

ይሄ ሒሳብ አሉሎስ የሚባለውንም ያወጣዋል። አሉሎስ ስኳር ነው፤ ግን በግራም 0.4 ካሎሪ ብቻ ነው ያለው። በአሜሪካ ሠንጠረዥ ከጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱ ውስጥ ይቆጠራል፣ ከስኳሩ መስመር ግን ወጥቷል፣ የራሱም መስመር የለውም። ካርቦሃይድሬቱ ብዙ፣ ስኳሩ ትንሽ፣ ፋይበሩም ትንሽ፣ ካሎሪው ግን ዝቅተኛ የሆነ ባር ካጋጠማችሁ ዝርዝሩ ውስጥ አሉሎስን ፈልጉት። ሹገር አልኮሆልም ቢሆን ፋብሪካው ስለ ስኳር ማስታወቂያ ካልጻፈ በአሜሪካ ሠንጠረዥ ላይ የግድ አይጻፍም። ሳይጻፍ ሲቀር የሚያጋልጠው ካሎሪው ነው።

የአውሮፓውን ባር በፍጥነት እንሥራው። በ100 ግራም፦ 360 ካሎሪ፣ ስብ 13፣ ካርቦሃይድሬት 32፣ ከእሱ ውስጥ ስኳር 4 እና ፖሊኦል 22፣ ፋይበር 9፣ ፕሮቲን 33። ባሩ 45 ግራም ነው። በ45 አባዝተን ለ100 ስናካፍል፦ 162 ካሎሪ፣ ካርቦሃይድሬት 14.4፣ ፖሊኦል 9.9፣ ፋይበር 4። ፋይበሩን አትንኩት፤ ቀድሞ ወጥቷል። ከ14.4 ላይ የፖሊኦሉን ግማሽ ብቻ ቀንሱ። 9.5 ገደማ ቀረ። ፋይበሩንም ፖሊኦሉንም አንድ ላይ የቀነሰ ሰው 0.5 ግራም ብሎ ይደሰት ነበር።

የእናንተ ቁጥር የቱ ነው?

እስካሁን ሁላችሁም አንድ ዓይነት ዳይት ላይ ያላችሁ አስመስዬ ነው የጻፍኩት። አይደለም።

ክብደት ለመቀነስ ብቻ ከሆነ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኔት ካርብ አያገባችሁም። የእናንተ መስመር ካሎሪና ፕሮቲን ነው። እኔ የምጠቀምባት አቋራጭ ይህች ናት፦ ፕሮቲኑን በ10 አባዙ፤ ካሎሪውን ከደረሰ ወይም ከተጠጋ ባሩ ስሙን የሚመጥን ነው። የእኛው ባር 200 ለ210 ነው፣ ያልፋል። አንድ ጊዜ ከቴምርና ከለውዝ የተሠራ ባር ሰው ሰጠኝ። ፕሮቲን 6 ግራም፣ ካሎሪ 190። 60 ለ190። ጥሩ ጣፋጭ ነው፤ ፕሮቲን ባር ግን አይደለም። ፊቱ ላይ "ስኳር አልተጨመረበትም" ይላል፣ እውነትም አልተጨመረበትም፤ 16 ግራሙ ስኳር ከቴምሩ ነው የመጣው። በረመዳን ለማፍጠሪያ ቴምሩን ራሱን ብትበሉት ይረክሳል።

ኬቶ የሚባለውን ዳይት የያዘ ሰው በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ላይ ስለሚቆም 3 እና 8.5 መካከል ያለው ልዩነት ለእሱ ትልቅ ነው። እሱ የማልቲቶል ባር ባይነካ ይሻለዋል።

የስኳር ሕመም ካለባችሁ የፊቱን ቁጥር ፈጽሞ አትመኑት። ከጠቅላላው ካርቦሃይድሬት ጀምሩ። በተለይ ኢንሱሊን የምትወስዱ ኔት ካርብ አይታችሁ መጠኑን በራሳችሁ እንዳትለውጡ፤ ያ ከሐኪማችሁ ጋር የሚወሰን ነው። የስኳር መለኪያ ቤት ካለ ግን አዲስ ባር ከመብላታችሁ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክታችሁ ጻፉት። አንድ ባር እናንተ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከየትኛውም ማሸጊያ በላይ እሱ ይነግራችኋል።

ከሰፈራችን ምግብ ጋር

ባሩን በብቻው ካያችሁት 24 ግራም ብዙም ትንሽም አይመስልም። ሦስት የተቀቀለ እንቁላል 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ ከ2 ግራም ያነሰ ካርቦሃይድሬት፣ ከ210 እስከ 220 ካሎሪ አለው። ካሎሪው ከባሩ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስቡ ከፍ ይላል፤ ሆድ ግን አይነፋም፣ ማሸጊያም አይነበብም። አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ፣ 30 ግራም ያህል፣ ፕሮቲኑ 6 ግራም ገደማ፣ ካርቦሃይድሬቱ ወደ 18፣ ከእሱ ውስጥ 5 ያህሉ ፋይበር። ለጾም ቀን እኔ እሱን እመርጣለሁ። በሶ ግን እንወደዋለን እንጂ ገብስ ነው፤ 50 ግራም ዱቄት ብቻውን 35 ግራም አካባቢ ካርቦሃይድሬት አለው። "በሶ ቀላል ነው" እያላችሁ በማር ለምትበጠብጡ ነው ይህን የምጽፈው።

ታዲያ ባር ለምን እገዛለሁ? ኮምቦልቻ የሥራ ቀን ላይ ምሳ ሲያልፈኝ ኪስ ውስጥ የሚገባ ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። እንቁላል ሚኒባስ ውስጥ ልጣችሁ ብትበሉ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች

ጿሚ ከሆናችሁ "ዌይ" እና "ኬዚን" የሚሉትን ቃላት ፈልጉ፤ ሁለቱም የወተት ናቸው። የአተርና የአኩሪ አተር ፕሮቲን ለጾም ይሆናል፤ ቸኮሌቱ ወተት እንዳይኖረው ግን ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ ጌላቲንና ኮላጅን የሚሉትን እዩ። ከእንስሳ ነው የሚሠሩት፣ ከየትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ የሐላል ምልክት መፈለግ ነው።

ቸኮሌት የተቀባ ባር ይዛችሁ ኮምቦልቻ አትውረዱ። ደሴ ላይ ጥርስ የሚሰብረው ባር፣ ከ600 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ቦርከና ዳር ስትደርሱ ከላስቲኩ ጋር ይጣበቃል።

አዲስ ባር ስትሞክሩ ደግሞ በግማሽ ጀምሩ፣ ሆድ ውስጥ ሌላ ምግብ እያለ፣ ቤት በምትውሉበት ቀን።

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ተመልሳለች። አሁን ከመግዛቷ በፊት ሱቁ ውስጥ ቆማ የጀርባውን ፎቶ ትልክልኛለች። እኔ እዚህ 4 እና 9 አባዝቼ "ግዢ" ወይም "ተይው" እላታለሁ። ትናንት የላከችው ላይ ካሎሪውም ፕሮቲኑም ጥሩ ይመስላል። አውራ ጣቷ ግን ልክ ፋይበሩ ላይ አርፏል። "ጣትሽን አንሺና ድገሚው" ብያታለሁ፤ እስካሁን አልመለሰችም።